በጎንደር ከተማ የልመና ደንብን በሥርዓት ለማስከበር የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጎንደር ክፍለ ከተሞችና ቀበሌዎች ለሚሠሩ ደንብ አስከባሪዎች፣ ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችና አብረዋቸው ለሚሰማሩ የፖሊስ አባላት ነው። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ መኪና ተዘጋጅቶ ከፒያሳ፣ ከፋሲል ግንብ ዙሪያና ከመናኸሪያው ሰው ይታፈሳል፤ በዓሉ አልፎ ሳምንት ሳይሞላ ያው ሰው እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ሥራው የሚከሽፈው አስከባሪው ስለሰነፈ አይደለም፤ የተጻፈ ሕግ ሳይያዝ፣ የተነሣው ሰው የት እንደሚያድር ሳይታወቅና አንድም ፋይል ሳይከፈት ስለሚወጣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው መሠራት አለባቸው። በተለይ ደረጃ 4 ሳያልቅ ደረጃ 6 አይጀመርም።

ደረጃ 1፦ የምታስከብሩትን ሕግ በእጃችሁ ያዙ

«ልመና ክልክል ነው» የሚል የቃል ትእዛዝ ይዛችሁ አትውጡ። በመጀመሪያ የምታስከብሩት ደንብ የክልል ሕግ ከሆነ የክልሉ ሕጎች በሚታተሙበት ጋዜጣ፣ በዝክረ ሕግ፣ የታተመበትን ቅጂ፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸደቀው ከሆነ ደግሞ የጸደቀበትን ቀንና ማኅተም የያዘውን ቅጂ ከፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ተቀበሉ። ከዚያም ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተቀምጣችሁ ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ መልሱ፦ ደንቡ የሚከለክለው ድርጊት በትክክል የቱ ነው? ቅጣቱ ምንድን ነው? የማስጠንቀቅ፣ መጥሪያ የመስጠትና ክስ የማቅረብ ሥልጣን የማን ነው? ሦስቱም መልሶች በአንድ ገጽ ተጽፈው ለእያንዳንዱ የቡድን አባል መሰጠት አለባቸው፤ በመንገድ ላይ የሚነሣው ክርክር ሁሉ ከእነዚህ ሦስቱ አይወጣምና።

ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው የሚጠቀስ አንድ ሕግ አለ፤ እርሱም የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ነው። አዋጁ የሚመለከተው መሥራት የሚያስችል አካላዊ ብቃት እያለው የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውንና በአዋጁ ከተዘረዘሩት ድርጊቶች በአንዱ የተገኘን ሰው ነው። እጇ የማይዘረጋ አሮጊት፣ ማየት የተሳነው አዛውንት ወይም ከወለደች ሁለት ሳምንት ያልሞላት እናት በዚህ አዋጅ ሊያዙ አይችሉም። ይህን አዋጅ በጅምላ የሚጠቅስ ቡድን ፍርድ ቤት ሲቀርብ በመጀመሪያው ጥያቄ ይሸነፋል።

ከዚህ በላይ ያለው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አራት አንቀጾቹን በቃላችሁ ያዙ። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 32 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነፃነት ይሰጣል፤ ስለዚህ «ወደ መጣህበት ተመለስ» ብሎ ሰውን በመኪና ከከተማ ማስወጣት ደንብ ማስከበር አይደለም። አንቀጽ 36 ለሕፃናት ደኅንነት ቅድሚያ ይሰጣል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ይህ የመጨረሻው እናንተ ከምታስከብሩት ደንብ ጋር የማይነጣጠል ግዴታ ነው።

ደረጃ 2፦ ድርጊቱን ከሰውየው ለዩ

እጁን የዘረጋውን ሁሉ አንድ አድርጎ የሚያይ አስከባሪ በጎንደር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በሰላም አይሠራም። በየደጀ ሰላሙ ምጽዋት መስጠት የምእመኑ የዕለት ሥርዓት ነው፤ የሙስሊሙም ሰደቃ እንዲሁ። ስለዚህ በቡድን ሆናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የምታገኟቸውን ሰዎች በዓይነት ለዩና ለእያንዳንዱ ምን እንደምታደርጉ ወስኑ።

አንደኛ፣ የቆሎ ተማሪዎች። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምነው ልጅ ትምህርት ላይ ያለ ደቀ መዝሙር ነው። የበዓታ ቤተ ክርስቲያንን የአቋቋም (የማኅሌት ዝማሬ) ጉባኤ ለመሳተፍ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ ባለባት ከተማ ይህን ልጅ ከጎዳና ተዳዳሪ ጋር መቀላቀል ትልቅ ስሕተት ነው። አትያዙት፤ ጥርጣሬ ካላችሁ የሚማርበትን ጉባኤ ቤትና የመምህሩን ስም በትሕትና ጠይቁና የኔታን ሄዳችሁ አነጋግሩ። የተማሪ ልብስ ለብሶ በፒያሳ መኪና መስኮት የሚያንኳኳ ካገኛችሁም ፍርዱን ለመምህሩ ተዉት፤ የእኔ ነው ወይም አይደለም የሚለው እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ተቀምጠው የሚለምኑ ነድያን። አብዛኞቹ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጸበል ፈልገው መጥተው የቀሩ ሕሙማን ናቸው። መንገድ እስካልዘጉና ሰው እስካላስቸገሩ ድረስ የእነርሱ ጉዳይ የማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ ነው፤ የፖሊስ ሥራ አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ በየደጃፉ እያዜሙ የሚለምኑትን ላሊበላዎችም ከዚሁ ጋር ቁጠሯቸው፤ አቤቱታ ካልቀረበ በስተቀር ቡድን አታሰማሩባቸው።

ሦስተኛ፣ በአስቸጋሪ ሁኔታ የሚለምኑ። የደንብ ማስከበሩ ዋና ሥራ ያለው እዚህ ነው። ልብስ መጎተት፣ መንገድ መዝጋት፣ እንግዳን ከፋሲል ግንብ በር እስከ ሆቴሉ መከተል፣ መስኮት መደብደብ፣ ካልሰጠኸኝ ብሎ መስደብ ወይም ማስፈራራት፣ በሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ መካከል መግባት፤ እነዚህ ሁሉ ሰዓት፣ ቦታና ምስክር ሊቆጠርላቸው የሚችሉ ድርጊቶች ናቸው። በመዝገባችሁ ላይ «ለምኖ ተገኘ» ብላችሁ አትጻፉ። «ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ከግንቡ መግቢያ ፊት ለፊት የአንዲት ሴት ነጠላ ይዞ አልለቅም ብሏል» ብላችሁ ጻፉ።

አራተኛ፣ በድምፅ ማጉያና በትልቅ ፎቶግራፍ ለሕክምና ገንዘብ የሚሰበስቡ። አንዳንዱ እውነተኛ በሽተኛ ነው፤ አንዳንዱ ወረቀቱ ከዓመታት በፊት የተጻፈ፣ በሽተኛውም የሌለ ነው። ቦርሳውን አትንጠቁ። የሐኪም ወረቀቱን ቀንና ማኅተም ተመልከቱ፤ በባለቤቱ ፈቃድ ወረቀቱን ከሰጠው ሆስፒታል ጋር አመሳክሩ፤ የበሽታውን ዓይነት ግን በሰው ፊት አታንብቡ። ድምፅ ማጉያው በፈቃድ የሚሠራበት እንደሆነ የፈቃዱን ወረቀት ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ሰው አሰማርተው በሌላው ልመና የሚኖሩ። ለእነዚህ ራሱን የቻለ ደረጃ ከዚህ በታች ተዘጋጅቶላቸዋል።

ደረጃ 3፦ ቦታውንና ቀኑን ቆጥራችሁ መዝግቡ

ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር፣ ማንንም ሳትይዙና ሳታስነሡ፣ ቆጠራ አካሂዱ። አንድ ወር ያልነው ልመናው ከበዓላት ጋር ስለሚዘዋወር ነው፤ በ7 ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በ12 ወደ ሚካኤል፣ በ21 ወደ ማርያም፣ በ27 ወደ መድኃኔ ዓለም ይሰበሰባል፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ መስጊዶቹ፣ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል። በአንድ ማክሰኞ ብቻ የቆጠረ ቡድን የከተማውን ግማሽ አያየውም። በዓመት ደግሞ ኅዳር 6 የቁስቋምን፣ ከጥር 10 እስከ 12 ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ያለውን ጊዜ ለብቻ ያዙ፤ በእነዚህ ቀናት ከገጠርና ከሌላ ከተማ የሚመጣው እንግዳ ለማኝ ከነባሩ ጋር ይደባለቃልና።

በቅጹ ላይ የሚጠራበትን ስም፣ የዕድሜ ግምት፣ የሚያድርበትን ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ በከተማው እንዳለ፣ ከማን ጋር እንዳለ፣ የጤናውን ሁኔታ፣ ሊሠራ የሚችለውን ሥራና ዘመድ ያለበትን አካባቢ መዝግቡ። የሚያድርበትን ቦታ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሰባት ሕፃናት ያድራሉ የሚል መልስ ደጋግሞ ከመጣ ለደረጃ 9 የሚሆን የመጀመሪያ ፍንጭ አግኝታችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰዎችን ፎቶግራፍ በግል ስልካችሁ አታንሡ፤ በማኅበራዊ ሚዲያም አትልቀቁ። ሕገ መንግሥቱ የሰውን ክብር ይጠብቃል፤ ከሕጉ ባሻገር ደግሞ ፎቶው ቤተሰቡ ዘንድ ከደረሰ ሰውየው ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ትዘጉበታላችሁ።

ደረጃ 4፦ መቀበያው ሳይዘጋጅ አትውጡ

ሥራውን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ይህን ደረጃ መዝለል ነው። ያዘጋጃችሁት የአልጋ ቁጥር የምታነሡት ሰው ቁጥር ጣሪያ ነው፤ 12 አልጋ ካላችሁ 13ኛውን ሰው አታንሡ። በአንድ አዳራሽ ወለል ላይ ስልሳ ሰው አስተኝቶ «ጊዜያዊ ማቆያ» ብሎ መጥራት በሽታ ማስፋፋት ነው፤ ያመለጠውም ሰው ዳግመኛ አያምናችሁም።

ከመውጣታችሁ አንድ ሳምንት በፊት የሚከተሉት በወረቀት ላይ ሳይሆን በቦታው መኖራቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ፦ ለሴቶችና ለወንዶች የተለየ ማደሪያ፣ ውኃና መጸዳጃ፣ ቢያንስ የ15 ቀን ቀለብ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚመረምር የጤና ባለሙያ፣ እንዲሁም ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁ ተንከባካቢዎች። የአእምሮ ሕመም የሚታይበት ሰው ሲገኝ ማን ሆስፒታል እንደሚያደርሰውና የካርድ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በስም ወስኑ። በዚያው ዕለት እንነጋገራለን የተባለ ነገር በዚያው ዕለት ሳይሆን ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ከማቆያው የሚወጣበትን መንገድ አስቡ። መንገዱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወደ ቤተሰብ መመለስ የሚፈልገውን፣ በሚመለስበት ወረዳ ያለውን ማኅበራዊ ጉዳይ አስቀድማችሁ በስልክ አነጋግራችሁ፣ ተቀባይ ዘመድ መኖሩን አረጋግጣችሁ ትሸኙታላችሁ። መሥራት የሚችለውን በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ምዝገባ ካለ ታስመዘግባላችሁ ወይም ከጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ጋር ታገናኛላችሁ፤ ሴፍቲኔቱ የቀበሌ ነዋሪነት ማስረጃ ሲጠይቅ መታወቂያ የሌለው ሰው እንዳይቀር የቀበሌውን ሊቀ መንበር አስቀድማችሁ አሳምኑ። መሥራት የማይችለውን አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ለዘለቄታው የሚይዝ የእንክብካቤ ማእከል ትፈልጋላችሁ። ሦስቱም የማይገኝለት ሰው ካለ ባለበት ቦታ በሳምንት እየጎበኛችሁ መርዳት ይሻላል እንጂ ማንሣት አይገባም።

ደረጃ 5፦ ሰጪውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ

ልመና ሁለት ሰው ይፈልጋል። ለሰጪው ሳትነግሩ ተቀባዩን ብቻ ብታነሡ በነጋታው ሌላ ሰው በቦታው ይቀመጣል። ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን በፊት የየአጥቢያውን ሰበካ ጉባኤ፣ የመስጊድ ኮሚቴዎችን፣ የእድር ዳኞችን፣ የሆቴል ባለቤቶችን፣ የአስጎብኚዎችንና የባጃጅ ነጂዎችን ሰብስባችሁ አነጋግሩ። «አትስጡ» አትበሏቸው፤ ይህን የሚሰማ ምእመን የለም፤ ሊሰማም አይገባውም። ይልቁንም ለነድያን ብቻ የሚውል ሙዳየ ምጽዋት በደጀ ሰላሙ እንዲቆም፣ ቁልፉም በሦስት ሰዎች እጅ እንዲሆን፣ ገንዘቡ በየወሩ በይፋ ተቆጥሮ ወጪው እንዲነገር አድርጉ። የዝክርና የተዝካር ምግብ ለነድያን በሚቀርብበት ጊዜ ቦታውና ሰዓቱ እንዲታወቅ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተስማሙ፤ ሰልፉ ግቢ ውስጥ ከሆነ መንገድ አይዘጋም።

ደረጃ 6፦ በመንገድ ላይ የሚፈጸመው ቅደም ተከተል

ቡድኑ ከአራት ሰው አይብለጥ። አንዷ ሴት፣ አንዱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይሁኑ። ሁሉም የደንብ ልብስና መታወቂያ ይያዙ። ጠዋት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ከ3 ሰዓት አካባቢ ጀምሩ፤ በሌሊት ማንንም አታንሡ።

1. ቁጭ ብላችሁ ወይም ጎንበስ ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ቆሞ ከላይ ወደ ታች መናገር ትእዛዝ ይመስላል። «ለማኝ» የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ከክፍለ ከተማው ነው የመጣነው፤ ስሜ እገሌ ይባላል፤ ጥቂት ላነጋግርዎ ይፈቅዱልኛል?» ማለት በቂ ነው። ለሽማግሌ «አባባ»፣ ለመነኵሲት «እማሆይ» በሉ፤ ወጣቱንም ቢሆን አታንጓጡት።

2. በቅጹ ላይ ካለው መረጃ ጋር አመሳክሩ። አብሮት ያለ ሰው እንዳለ በመጀመሪያ ጠይቁ። እኔ አብሬው የወጣሁት አንድ ቡድን አንድን ልጅ ከጎዳና ሲያነሣ ልጁ ማየት የተሳነው አዛውንት መሪ መሆኑን አልጠየቀም ነበር፤ አዛውንቱ የተሽከርካሪ መንገድ መካከል በትራቸውን ይዘው ቆመው ቀርተው ያገኘናቸው ከረጅም ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ «አብሮዎት ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ በቅጼ ላይ የመጀመሪያው መስመር ሆኗል።

3. የትኛው ድርጊት እንደተከለከለ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። አማርኛ የማይሰማ ከሆነ በሚገባው ቋንቋ የሚናገር ሰው አምጡ፤ መስማት ለተሳነው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

4. የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በማስጠንቀቂያ ይለፍ። ማስጠንቀቂያው በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ድርጊት ይኑረው፤ አንዱ ለሰውየው ይሰጥ፤ ማንበብ ካልቻለ በምስክር ፊት ይነበብለት።

5. ወደ ማቆያው የመሄድ ሐሳብ ያቀረባችሁለት ሰው እሺ ካለ ብቻ ውሰዱት። እንቢ ካለና ሕግ የጣሰበት ድርጊት ከሌለ ተሰናብታችሁ ሂዱ፤ በሌላ ቀን ተመለሱ። በሦስተኛው ጉብኝት እሺ የሚል ሰው ብዙ ነው።

6. በማስጠንቀቂያው የተነገረውን ድርጊት ደግሞ ከፈጸመ ወደ ደረጃ 8 እለፉ።

7. ወደ ማቆያው የሚሄደው ሰው የያዘውን ንብረት ሁሉ፣ ኮሮጆውን፣ ጋቢውን፣ የተሰጠውን ምግብና ሳንቲሙን በፊቱ ቆጥራችሁ መዝግቡ፤ ተፈራርማችሁ ተረካከቡ። ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በጨርቅ ጠቅልሎ በደረቱ ሊይዝ ይችላል። አንድ ብር ቢጎድል የሥራችሁ ሁሉ እምነት አብሮ ይጎድላል።

ደረጃ 7፦ ሕፃናት ሲገኙ

ሕፃን የደንብ ተላላፊ ሆኖ አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው ጥበቃ የሚያስፈልገው ሆኖ ነው። በ1996 በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ ለአዋቂዎች የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም። ዕድሜውን ካላወቃችሁ ወደ ታች ገምቱ እንጂ ወደ ላይ አትገምቱ፤ አስፈላጊ ሲሆን በሐኪም አስመርምሩ።

ልጁን ከአዋቂዎች ጋር በአንድ መኪናም ሆነ በአንድ ክፍል አታድርጉ። በዚያው ዕለት የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ታነጋግረው። በክስ የሚጠየቅበት ጉዳይ ካለ ፖሊስ ጣቢያ ሳያድር በቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። እናቱ አዝላው የምትለምን ከሆነ ጡት የሚጠባን ሕፃን ከእናቱ አትለዩ። እናትነቷን ከተጠራጠራችሁ ግን የክትባት ካርዱን ጠይቁ፤ የተከተበበትን ጤና ጣቢያ አነጋግሩ፤ ሕፃኑ በተለያየ ቀን በተለያየች ሴት ጀርባ ላይ ታይቶ እንደሆነ የቆጠራ ቅጻችሁን ተመልከቱ። በቀን ኪራይ የሚሰጥ ሕፃን ካለ ጉዳዩ ልመና መሆኑ ቀርቷል፤ ወዲያውኑ ለፖሊስ የሕፃናትና ሴቶች ጥበቃ ክፍል ተላልፎ ይሰጥ።

ደረጃ 8፦ መጥሪያ፣ ክስና 48 ሰዓት

ደንብ መተላለፍ ሲፈጸም መደበኛው መንገድ ማሰር ሳይሆን መጥሪያ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 167 ጀምሮ ዐቃቤ ሕጉ ወይም የሚመለከተው ባለሥልጣን ለተከሳሹ መጥሪያ እንዲላክለት ፍርድ ቤቱን የሚጠይቅበትን አጭር ሥርዓት ደንግጓል። ስለዚህ ለዐቃቤ ሕጉ የምታቀርቡት ፋይል ቢያንስ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ፣ የድርጊቱን ቃለ ጉባኤ፣ የሁለት ምስክሮችን ቃልና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያውን አስተያየት መያዝ አለበት። የመጨረሻውን ብዙዎች ይተዉታል፤ ነገር ግን ዳኛው ቅጣቱን ሲያስብ ከሁሉ ይልቅ የሚፈልገው እርሱን ነው። ሳንቲም ለሌለው ሰው የገንዘብ መቀጮ መጠየቅ መልሶ ወደ ልመና መላክ ስለሆነ፣ በአስተያየቱ ላይ ተግሣጽ ወይም ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው የምታምኑ ከሆነ ምክንያቱን ጻፉ።

ሰውየው በማስፈራራት ወይም በድብደባ ተይዞ ከታሰረ የተያዘበትን ሰዓት በደቂቃ መዝግቡ። 48ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ጣቢያ ከደረሰበት ሳይሆን ከተያዘበት ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰው መያዝ ይህን ገደብ ለማለፍ ቀላሉ መንገድ ነውና ከእርሱ ተጠንቀቁ። ጠበቃ ለሌለው ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዳለ ንገሩት፤ ከሳሽ መሆናችሁ ይህን ከመናገር አያግዳችሁም።

ደረጃ 9፦ አሰማሪዎቹን ፈልጉ

ሕፃናትን ወይም አካል ጉዳተኞችን ከገጠር አምጥቶ፣ በአንድ ቤት አሳድሮ፣ ማታ ገንዘባቸውን የሚሰበስብ ሰው ካለ የከተማው ልመና ሥር እርሱ ነው። ይህ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የተመለከተው በሰው የመነገድ ወንጀል ሊሆን ስለሚችል ደንብ አስከባሪ ብቻውን አይነካውም። የእናንተ ድርሻ መረጃ ማደራጀት ነው፦ በደረጃ 3 የተመዘገቡትን ማደሪያ ቤቶች፣ ልጆቹን ጠዋት የሚያደርሰውን ባጃጅ፣ ማታ የሚሰበሰቡበትን ሰዓት፣ ሰብሳቢው የሚታይባቸውን ቀናት። ይህን ለመርማሪ ፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ በታሸገ ፖስታ አስረክቡ። ልጆቹን ቀድማችሁ አታንሡ፤ አሰማሪው በዚያው ሌሊት ከተማውን ለቅቆ ይሄዳል፤ የቀሩትንም ልጆች ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን አንድ ልጅ ተደብድቦ ወይም ታምሞ ካያችሁ ምርመራው ይጠብቅ እንጂ ልጁ አይጠብቅም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ሥራው ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ሕዝብ ሲሰበሰብና ሲቆጣ። «ድኃ አታሠቃዩ» የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም፤ ሰዉም የሚቆጣው ያየውን ስለሚያውቅ ነው። አትከራከሩ፤ ሰውየውንም አትጎትቱ። ደንቡን አሳዩ፤ በተሰበሰበው ሰው መካከል አንድ ሽማግሌ ካሉ እርሳቸው እንዲያነጋግሩት ጠይቁ። ካልበረደ ቡድኑ ይውጣና በሌላ ሰዓት ይመለስ።

ሰውየው ቢሮጥ። አትከተሉት። በፒያሳ ቁልቁለት ላይ ከባጃጅ መካከል የሚሮጥን ሰው ማሳደድ ለአንድ የደንብ መተላለፍ ሲባል የሰው ሕይወት ማስያዝ ነው። ቅጹ በእጃችሁ ነው፤ የሚያድርበትን ታውቃላችሁ።

ከማቆያው ቢያመልጥ ወይም ወጥቶ ተመልሶ ቢለምን። ከመቅጣታችሁ በፊት ለምን እንደወጣ ጠይቁና መልሱን ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ መድኃኒቱ ተቋረጠ፣ የተባለው ሥራ አልመጣም፣ ከተማ ውስጥ የቀረ ልጅ ነበረ። አምስት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ የተበላሸው ማቆያው ነው፤ እስኪስተካከል ድረስ ተጨማሪ ሰው አታምጡ።

ወደ ቤተሰቡ የተሸኘው ሰው ከሦስት ወር በኋላ ቢመለስ። የተሸኘበትን ፋይል አውጡና የተቀበለውን ዘመድ በስልክ አግኙ። መሬት የሌለው፣ ወይም በጸጥታ ችግር የተፈናቀለ፣ ወይም ዘመዱ የሞተበት ከሆነ ዳግመኛ አትሸኙት፤ በከተማው ነዋሪነት መዝግባችሁ ከሌሎቹ ሁለት መንገዶች አንዱን ፈልጉለት።

የበላይ ኃላፊ «ለበዓሉ ብቻ አስነሡልኝ» ብሎ ሲያዝ። ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያም በእጃችሁ ያለውን የአልጋ ቁጥርና የቆጠራውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ መልስ ጻፉ፤ በዓሉን የሚጠቅም የሚሠራ አማራጭም አቅርቡ። ለምሳሌ ከከተራ ጀምሮ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው መንገድ ዳር ለነድያን መቀመጫ የሚሆን፣ ጥላ ያለው፣ ታቦታቱ የሚያልፉበትን መስመር የማይዘጋ ቦታ ተለይቶ ምግብና ውኃ ቢቀርብበት መንገዱ ይከፈታል፤ ማንም ሰው አይታፈስም። ኃላፊው ይህን እንቢ ቢል የጻፋችሁትን መልስ ቅጂ ከቀኑ ጋር በፋይላችሁ አስቀምጡ።